ፊደል ያልጻፈው ድምፅ
የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ሬዲዮ የቆዩ ቅጂዎችና የመዝገበ ቃላት ሥራ

መግቢያ

«ገና» የሚለው ቃል ብቻውን ተጽፎ ቢገኝ አንባቢው እንዴት ሊያነበው እንደሚገባ አስቀድሞ ለማወቅ አይችልም። «ነ» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን፣ ሲጠብቅ የልደትን በዓል ያመለክታል። «ዋና» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ በውኃ ውስጥ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ተቀዳሚ ወይም አውራ የሆነውን ነገር ይገልጻል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «አለ» ሲላላ መናገርን፣ ሲጠብቅ መኖርን ያስረዳል። ፊደላችን ብዙ ነገር አሟልቶ የያዘ ቢሆንም የተናባቢውን መጥበቅና መላላት አይለይም። ሳድሱ ፊደል አናባቢ ይኑረው ወይም አይኑረው የሚያሳይ ምልክትም የለውም።

ይህ ጉዳይ ለአፍ መፍቻ ተናጋሪው ችግር አይሆንበትም፤ የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ራሱ ይመራዋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን ከማያውቀው አካባቢ ወይም ከማያውቀው ሙያ የመጣ ቃል በጽሑፍ ብቻ ሲያጋጥመው ትርጉሙን አግኝቶ ድምፁን ሳያገኝ ይቀራል። ቃሉን ይናገሩ የነበሩት ሰዎች ካለፉ ደግሞ የሚጠየቅ አይኖርም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሊመሰክር የሚችለው የተቀዳ ድምፅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ታሪክና በቆዩ ቅጂዎቻቸው ላይ በማተኮር፣ እነዚህ ቅጂዎች የትዝታ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆኑ የቋንቋ ሰነድ መሆናቸውን ማሳየት ነው። አስቀድሞ የጣቢያዎቹን አመጣጥ፣ ቀጥሎ የሙያውን ቃላት፣ በመጨረሻም የቅጂዎቹን ዋጋና ዕጣ እንመለከታለን።

፩. ከአቃቂ እስከ 97.1

በሀገራችን የሬዲዮ ታሪክ ሲነሣ በቅድሚያ የሚጠቀሰው በአቃቂ የተተከለው ጣቢያ ነው። በ1928 ዓ.ም. መባቻ የጣልያን ወረራ በተቃረበበት ወቅት የንጉሠ ነገሥቱ ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም የተላለፈው ከዚያ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥርጭቱ እንደገና ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ጀመረ፤ በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት ተወርሶ «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ተባለ።

እነዚህ ጣቢያዎች የተጠቀሙበት መካከለኛና አጭር ሞገድ ነው። አድማጫቸው መላው ሀገር፣ ከዚያም አልፎ የውጭው ዓለም ነበር። ስለዚህም ቋንቋቸው በአመዛኙ አስቀድሞ የተጻፈ፣ የታረመና ከወረቀት ላይ የሚነበብ ሆነ። ዜና አንባቢ የሚለው ስም ራሱ ይህንኑ ያስረዳል፤ ሥራው መናገር ሳይሆን ማንበብ ነው።

የኤፍ ኤም ሥርጭት ከዚህ የተለየ ጠባይ አለው። በመካከለኛ ሞገድ ድምፁ የሚጫነው የሞገዱን ብርታት ከፍና ዝቅ በማድረግ ሲሆን፣ በኤፍ ኤም ግን የሞገዱን ድግግሞሽ በመለዋወጥ ነው። በ97.1 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ጣቢያ የሞገድ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ጥቂት ብቻ ይበልጣል። እንዲህ ያለው አጭር ሞገድ በቀጥታ የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ይጋርደዋል፤ የመሬት ክብነትም ይገድበዋል። በዚህ ምክንያት የኤፍ ኤም ጣቢያ በተፈጥሮው የአንድ ከተማና የአካባቢዋ ጣቢያ ነው።

በአዲስ አበባ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የወጣው አዋጅ ቁጥር 178/1991 ለግል ማሠራጫ ጣቢያዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን ሕጋዊ መንገድ ከፍቶ ነበር። በ2000 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች አንዱ የሆነው ሸገር 102.1 ሥርጭቱን ጀመረ። በኋላ በዋና ከተማዋም ሆነ በክልል ከተሞች፣ በአማርኛም ሆነ በሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎች፣ የጣቢያዎቹ ቁጥር እየበዛ ሄደ።

፪. የከተማው አነጋገር ወደ አየር መውጣት

ለቋንቋ ተመራማሪ ከጣቢያዎቹ መብዛት ይልቅ የሚያስደንቀው የአነጋገሩ ለውጥ ነው። በኤፍ ኤም ሥርጭት የተጻፈው ንባብ ቦታውን ለጨዋታ ለቀቀ። አድማጩ በስልክ እየገባ ይናገራል፤ አዘጋጁ ከወረቀት ሳይሆን ከአፉ ይመልሳል። ከጣቢያው የአየር ሰዓት ወስደው የራሳቸውን ዝግጅት የሚያቀርቡ ሰዎችም መጡ። እነዚህ «ተባባሪ አዘጋጆች» ተባሉ። ቃሉ በቀጥታ ሲታይ የሚረዳ ሰው ማለት ይመስላል፤ በሙያው ግን የጣቢያው ሠራተኛ ያልሆነ፣ ዝግጅቱን ግን በራሱ ኃላፊነት የሚመራ ሰው ነው። ተርጓሚ ይህን ሳያውቅ ቃሉን በረዳትነት ቢተረጉመው የሥራ ግንኙነቱን ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

ከጽሑፍ ውጭ የነበሩ የድምፅ ቅርጾችም በዚሁ መንገድ ወደ አየር ወጡ። በጽሑፍ «እርስዎ» የሚባለው በብዙ አዲስ አበቤ አፍ «እርሶ» ነው። የትኛው ተናጋሪ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ ለማን ሲናገር አንዱን ትቶ ሌላውን እንደሚይዝ ከመጽሐፍ ሊገኝ አይችልም። አዘጋጅ ከማያውቀው ደዋይ ጋር ሲነጋገር በ«አንተ» እና በ«እርስዎ» መካከል የሚያደርገው ምርጫ፣ ምርጫውም በንግግሩ መካከል ሲለወጥ፣ የአክብሮት ሥርዓታችን በሥራ ላይ ሆኖ የሚታይበት ማስረጃ ነው።

፫. ከውኃ የተቀዳ ሙያ

የሬዲዮ ሙያ ከውጭ የመጣ ቢሆንም ለቃላቱ አማርኛ በአብዛኛው የራሱን ምንጭ ተጠቅሟል። ይህ ምንጭ ደግሞ በሚያስገርም ሁኔታ ውኃ ነው።

«ሞገድ» በግእዝ የባሕር ማዕበል ነው። የቆየው ትርጉም በመጻሕፍት ውስጥ ሲኖር አዲሱ በፊዚክስና በሬዲዮ ጸንቷል። «ቀዳ» ውኃን ከምንጭ ወይም ከእንስራ ማውጣትን ይገልጽ የነበረ ግሥ ሲሆን፣ ጽሑፍን ወደ ሌላ ወረቀት ማስተላለፍንም፣ ድምፅን በክር ላይ ማኖርንም ለመግለጽ አገልግሏል። «ሥርጭት» የሚለውም «ረጨ» ከሚለው ጋር ዝምድና ያለው ይመስላል፤ ይህ ከሆነ ምስሉ ውኃ የሚረጭ ሰው ነው። ቃሉ በ«ሠ» እና በ«ሰ» እየተለዋወጠ መጻፉ የምንጩን ጉዳይ ገና ያልተዘጋ አድርጎታል።

የዕቃዎቹ ስሞች ደግሞ በሌላ መንገድ መጡ። «ሸክላ» የተባለው የሙዚቃ ቅጂ ያለበት ክብ ዝርግ ዕቃ ነው። የድሮዎቹ ሸክላዎች ሲወድቁ እንደ ማሰሮ የሚሰበሩ ስለ ነበሩ ስሙ ሊስማማቸው ይችላል፤ የተሠሩበት ሙጫ በፈረንጅ አፍ የሚጠራበት ስም ከ«ሸክላ» ጋር በድምፅ መቀራረቡም ልብ ሊባል ይገባል። «ክር» የመቅጃው ጥቅል ነው። እዚህ ላይ አንድ መሳሳቻ አለ፤ በአማርኛ «ቴፕ» የሚባለው በአብዛኛው መሣሪያው ራሱ እንጂ በውስጡ የሚዞረው ጥቅል አይደለም። ቃሉ ከውጭ ሲመጣ ከዕቃው አንድ ክፍል ወደ ሙሉ መሣሪያው ተዛውሯል፤ ጥቅሉን ለመሰየም «ክር» እና «ካሴት» ቀርተዋል።

በሕግ ቋንቋ የተደረገው ምርጫ ግን የተለየ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 533 «ሥርጭት» የሚለው ቃል በሕዝቡ ዘንድ ታውቆ ሳለ «የብሮድካስት አገልግሎት» የሚለውን መረጠ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም «የብሮድካስት ባለሥልጣን» ተባለ። በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 መሠረት «የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን» ሲሆን የውጭው ቃል ከስሙ ወጣ። የስያሜ ጥናት ለሚያካሂድ ሰው ይህ ቃል በመሥሪያ ቤት በር ላይ ገብቶ የወጣበትን ዘመን በዓመት ለክቶ የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌ ነው።

«ኤፍ ኤም» ራሱ አማርኛ አላገኘም፤ የማግኘት አስፈላጊነትም ያለፈ ይመስላል። ሁለቱ የላቲን ፊደላት በስማቸው ተጠርተው አንድ ስም ሆነዋል። «ኤፍ ኤሞች» ተብሎ ይበዛል፤ «ኤፍ ኤሙ» ተብሎ እንደ ማንኛውም ስም ይታወቃል። ቁጥሩም እንዲሁ ስም ሆኗል። «ዘጠና ሰባት ነጥብ አንድ» ሲባል የከተማው ሰው ስለ ሜጋ ኸርዝ አያስብም፤ የሚያውቀው ጣቢያ ስም ነው። በትምህርት ቤት የሒሳብ ሰሌዳ ላይ ይኖር የነበረው «ነጥብ» ከቀን ወደ ቀን በሾፌሩም በባለሱቁም አፍ የገባው በእነዚህ ቁጥሮች ነው ለማለት ይቻላል።

፬. ቅጂዎቹ የሚመሰክሩት

ስለ ቅጂ ዋጋ ለመናገር አንድ ቀደም ያለ ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» መጽሐፋቸው ላይ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ነጥብ በማድረግ መጥበቅን በጽሑፍ ለማሳየት ሞክረዋል። ነጥቡ ለንባብ የሚረዳ መሆኑ ባያጠራጥርም በሌሎች ጸሐፊዎች ዘንድ ልማድ አልሆነም። መጽሐፉ በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተተረከ። በዚያ ትረካ በወረቀት ላይ ነጥብ የነበረው ሁሉ ድምፅ ሆኖ ተሰማ። ነጥቡን አይቶ የማያውቅ፣ መጽሐፉንም ከፍቶ ያላነበበ አድማጭ የእያንዳንዱን ቃል መጥበቅና መላላት በጆሮው ተቀበለ። አንዱ ሙከራ በጽሑፍ ሳይለመድ ሲቀር ሌላው በቅጂ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ ችሏል።

የኤፍ ኤም ቅጂዎች በዚህ ላይ የሚጨምሩት ተዋናይ ወይም ዜና አንባቢ ያልሆነውን ሰው ድምፅ ነው። በሸገር 102.1 መዓዛ ብሩ የምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» በምሳሌነት ይጠቀሳል። በዚህ ዝግጅት ዕድሜ ጠገብ ሰዎች የሕይወት ታሪካቸውን በራሳቸው አነጋገር ረዘም ላለ ጊዜ ይተርካሉ። አንድ ሰው ስለ ልጅነቱ ቀዬ፣ ስለ ተማረበት የቄስ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ሠራበት መሥሪያ ቤት ሲናገር፣ ዛሬ ከአገልግሎት የወጡ የሹመት፣ የልብስ፣ የዕቃና የሥራ ስሞች በየቦታቸው ይነሣሉ። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይገኛል፦ ቃሉ፣ አጠራሩና ያለበት ዐረፍተ ነገር።

የስሞች ታሪክም በቅጂ ይለያል። «ሸገር» ለረጅም ጊዜ የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ሆኖ ሲነገር የቆየ ሲሆን ጣቢያውም ስሙን የወሰደው በዚሁ መልክ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተጣምረው በኦሮሚያ ክልል «ሸገር ከተማ» ተብለው ተደራጁ። ከዚያ ወዲህ «ሸገር» ሲባል የትኛው እንደ ሆነ መጠየቅ አስፈላጊ ሆኗል። ከ2015 ዓ.ም. በፊት የተቀዳ ድምፅ የመጀመሪያውን አገባብ ያለ ጥርጥር ያሳያል፤ ቀን ያልተጻፈበት ቅጂ ግን ይህን ማስረጃነቱን ያጣል።

ስለ ድምፁ ጥራትም ጥቂት መባል አለበት። በመካከለኛ ሞገድ የሚተላለፍ ድምፅ ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ክፍሉን ያጣል፤ ኤፍ ኤም እስከ 15,000 ኸርዝ ያስተላልፋል። የ«ሰ» እና የ«ጸ» መለያ የሆነው ፉጨት በአብዛኛው የሚገኘው በዚህ ከፍተኛ ክፍል ነው። የተለመደው የስልክ መሥመር ደግሞ ከ3,400 ኸርዝ በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ በአንድ ዝግጅት ውስጥ እንኳ የአዘጋጁ ድምፅና የደዋዩ ድምፅ እኩል ማስረጃ አይሆኑም። መጥበቅና መላላት ግን በጊዜ ርዝመት የሚለይ በመሆኑ ደካማ በሆነ ቅጂ ላይም ይለካል፤ ክሩ በመጠኑ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ቢዞር እንኳ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለው ንጽጽር አይጠፋም።

፭. የጠፋ ቅጂና የተገኘ ቅጂ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጊዜ «ራዲዮ» የሚለው አጠራር ለ«ሬዲዮ» ቦታውን የለቀቀበትን ዘመን ለማጥናት ወደ አንድ ማሠራጫ ጣቢያ ሄዶ ነበር። በመደርደሪያው ላይ የሚፈለገው የክር ሣጥን ተገኘ። በጀርባው የዝግጅቱ ስም፣ ቀኑና «ራዲዮ» የሚለው ቃል በእርሳስ ተጽፎ በግልጽ ይነበባል። ክሩ በመሣሪያው ላይ ተጭኖ ሲዞር የተሰማው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ የተቀዳ የሙዚቃ ዝግጅት ነበር። በአሮጌው ላይ አዲስ ተደርቦበታል። ፊደሉ በሣጥኑ ላይ ቀርቶ ድምፁ ጠፍቷል።

ይህ የአንድ ጣቢያ ጥፋት ብቻ አይደለም። በሴኮንድ 19.05 ሴንቲ ሜትር በሚዞር መሣሪያ የአንድ ሰዓት ዝግጅት ለመቅዳት 686 ሜትር ያህል ክር ያስፈልጋል። ክር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ በሆነበት ቦታ ሁሉ የተላለፈን ዝግጅት አጥፍቶ ክሩን እንደገና መጠቀም እንደ ቁጠባ ይታይ ነበር፤ በበለጸጉት ሀገሮች የሚገኙ ታላላቅ ጣቢያዎችም እንዲሁ አድርገዋል። ዝግጅት ለዕለቱ የሚሠራ እንጂ ለትውልድ የሚቀመጥ ነው ብሎ ያሰበ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አንዲት የቀድሞ አድማጭ በቤታቸው ያኖሩትን ካሴት አስደመጡን። ከኤፍ ኤም አዲስ የመጀመሪያ ዓመታት የተቀዳ ነበር። መቅጃውን ከሬዲዮው ፊት አስቀምጠው የቀዱት ስለ ሆነ ከጀርባ የሙቀጫ ድምፅ ይሰማል። በካሴቱ ላይ አዘጋጁ የጣቢያውን ቁጥር ከጠራ በኋላ አንዲት አረጋዊት በስልክ ይገባሉ። እርሱ በ«እርስዎ» ጀምሮ ወዲያው «እማማ» ይላቸዋል፤ እርሳቸው «ልጄ» ይሉታል። እርሱ «ሬዲዮ» ሲል እርሳቸው «ራዲዮን» ይላሉ። አንዱ ለሌላው እርማት አይሰጥም፤ ሁለቱም ተግባብተው ይጨርሳሉ። የአንድ የውጭ ቃል ሁለት የዕድሜ ደረጃዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ተገኙ። በጣቢያው መዝገብ ቤት የጠፋው ማስረጃ በአንዲት እናት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለአጠራር ጥናት የዜና አንባቢው ብቻ ሳይሆን የደዋዩም ድምፅ መፈለግ እንዳለበት ነው፤ የቆየው ቅርጽ የሚኖረው ብዙ ጊዜ በደዋዩ አፍ ነው። ሁለተኛው፣ የጣቢያው ቅጂ ሲጠፋ የአድማጩ ካሴት ዋናውን ቦታ እንደሚይዝ ነው።

፮. ማጠቃለያና አስተያየት

እስካሁን ከተባለው በመነሣት ለሥራ ባልደረቦች የሚከተለው አስተያየት ይቀርባል።

ሀ. «ቅጂ» የሚለው ቃል ዛሬ የተቀዳውን ድምፅም፣ ከእርሱ የተባዛውንም እኩል ይጠራል። ለመዝገብ ቤት ሥራ ይህ አደገኛ ነው፤ ዋናው በእጅ ያለ መስሎ ተባዥው ብቻ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተቀዳው «ዋና ቅጂ»፣ ከእርሱ የተባዛው በጽሕፈት ቤት እንደ ለመድነው «ግልባጭ» ቢባል ይመረጣል። ሁለቱም ቃላት ያሉና የታወቁ ስለ ሆኑ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ለ. ማንኛውም ቅጂ ለቋንቋ ማስረጃነት የሚበቃው ቢያንስ አራት ነገር ሲጻፍበት ነው፦ የተቀዳበት ቀን፣ የጣቢያው ስም፣ የተናጋሪው የትውልድ አካባቢና ግምታዊ ዕድሜ፣ እንዲሁም ድምፁ ከስቱዲዮ፣ ከስልክ ወይም ከአየር ላይ የተወሰደ መሆኑ።

ሐ. የቆዩ ክሮችና ካሴቶች በጊዜ ርዝመት የሚላላጡና የሚጣበቁ በመሆናቸው ወደ ዲጂታል መተላለፋቸው ሊዘገይ አይገባም። የድምፅ ቅርስ ባለሙያዎች የሚመክሩት በሴኮንድ 96,000 ናሙና በ24 ቢት፣ ሳይጨመቅ እንዲቀመጥ ነው። በዚህ ልክ የአንድ ሰዓት ባለ አንድ መሥመር ቅጂ 1 ጊጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ትናንት 686 ሜትር ክር ይጠይቅ የነበረው ዝግጅት ዛሬ ይህን ያህል ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የቦታና የዋጋ ምክንያት ከእንግዲህ ለመደምሰስ በቂ ምክንያት አይሆንም።

መ. በመዝገበ ቃላት መግቢያ ቃል ላይ መጥበቅና መላላት ሲመለከት፣ ምልክቱ የአዘጋጁ ግምት ነው ወይስ የተቀዳ ድምፅ ያረጋገጠው የሚለው ቢለይ መልካም ነው። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ሲጻፍ የሚጠብቀውን ተናባቢ በመደገም ይህን ጥያቄ በጽሑፍ ራሱ መልሶታል። አማርኛና ትግርኛ ግን በፊደላቸው ሳይመልሱት ስለ ኖሩ መልሱን ከተናጋሪው ድምፅ ለመፈለግ ይገደዳሉ።

የኤፍ ኤም ዝግጅት ሲተላለፍ ለዕለቱ ጨዋታ ነበር፤ ያቀረበውም፣ የደወለውም፣ ያዳመጠውም ለመዝገበ ቃላት አላሰበም። ማስረጃነቱን አስተማማኝ የሚያደርገውም ይኸው አለማሰቡ ነው። ሰው ለጥናት ሲጠየቅ አነጋገሩን ያስተካክላል፤ ሲጫወት ግን እንደ ልማዱ ይናገራል። ስለዚህ በየጣቢያው መደርደሪያና በየቤቱ መሳቢያ ያለው ካሴት ከመጥፋቱ በፊት ቀን ተጽፎበት፣ ግልባጭ ተወስዶለት ከመጻሕፍቱ ጎን ሊቀመጥ ይገባዋል። «ራዲዮን» የሚሉት እናት ድምፅ ከተደመሰሰ በኋላ ቃሉን እንዴት ይሉት እንደ ነበር ሊነግረን የሚችል ፊደል የለም።